የኮሌስትሮል መድኃኒት ስኳሬን ያባብሰው ይሆን?

እስቲ አንድ አባት እናስብ። ዕድሜያቸው 58 ነው። በደምበጫና በፍኖተ ሰላም መካከል ከምትገኘው ከጅጋ ከተማ ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ ይኖራሉ፤ በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ ያመርታሉ። ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። በየቀጠሯቸው ማለዳ ተነስተው ፍኖተ ሰላም ይሄዳሉ፤ ደማቸው ይለካል፤ ሜትፎርሚናቸውን ይዘው ይመለሳሉ። በመጨረሻው ቀጠሮ ግን ሐኪሙ አንድ አዲስ ኪኒን ጨመረላቸው። “አባቴ፣ ይህችን ማታ ማታ አንድ ፍሬ ይውሰዱ፤ ለልብዎና ለደም ሥርዎ ናት” አላቸው። መድኃኒቱ አቶርቫስታቲን ይባላል።

ቤት ሲደርሱ ሁለተኛ ደረጃ የምትማረው ልጃቸው ከፓኮው ውስጥ ያለውን ባለ ብዙ እጥፍ ወረቀት ዘርግታ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እየተረጎመች ማንበብ ጀመረች። መሐል ላይ ቆም አለች። “አባዬ፣ ይሄ መድኃኒት እኮ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ሊጨምር ይችላል ይላል!”

አባትየው ደነገጡ። “ስኳር ይዞኝ ሳለ ስኳር የሚጨምር መድኃኒት ሰጠኝ?” አሉና ኪኒኑን ከሣጥን ከተቱት። ሳይጀመር ቀረ።

ይህ አባት ለምሳሌ ያህል የተነሱ ናቸው፤ ጥያቄያቸው ግን የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። የስኳር ሕሙማን የኮሌስትሮል መድኃኒት ሲታዘዝላቸው ከጎረቤት ይሰማሉ፣ ከማኅበራዊ ድረ ገጽ ያነባሉ፣ ወይም እንደ እኚህ አባት ከመድኃኒቱ ጋር ከሚመጣው ወረቀት ላይ ያገኙታል። ወረቀቱ አልዋሸም። ነገር ግን እውነቱን በግማሽ ብቻ ሰምቶ መድኃኒቱን መተው ለልብ ድካምና ለስትሮክ በር ሊከፍት ይችላል። በዛሬው ዝግጅታችን ሌላኛውን ግማሽ እውነት እናያለን።

ስኳርና ስብ ምን አገናኛቸው?

ስኳር በሽታ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው በሽንት መመላለስን፣ የውሃ ጥማትን፣ የማይድን የእግር ቁስልንና የዓይን ብርሃን መቀነስን ነው። እነዚህ ሁሉ ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ሕይወት በብዛት የሚቀጥፈው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ስኳር ያለበት ሰው በልብ በሽታም ሆነ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው በሁለት እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በደም ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከልክ ያለፈ ስኳር ሲኖር የደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ ይጎዳል። በተጎዳው ግድግዳ ላይ “መጥፎው ኮሌስትሮል” የሚባለው ኤልዲኤል እየሰረገ ይከማቻል። ከዓመታት በኋላ ክምችቱ የደም ሥሩን ያጠበዋል። አንድ ቀን ክምችቱ ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ላይ ይረጋና መተላለፊያው ይዘጋል። የተዘጋው የልብ ደም ሥር ከሆነ የልብ ድንገተኛ ሕመም፣ የአንጎል ከሆነ ስትሮክ፣ የእግር ከሆነ ደግሞ እስከ መቆረጥ የሚያደርስ ጉዳት ያስከትላል።

“ኮሌስትሮል የወፍራምና የሀብታም በሽታ ነው፤ እኔ ቀጭን ገበሬ ነኝ” የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህ አያስተማምንም። ኮሌስትሮል በምግብ ብቻ የሚገባ አይደለም፤ አብዛኛውን የሚሠራው ጉበታችን ራሱ ነው። በዚያ ላይ ስኳር ባለበት ሰው የኤልዲኤል መጠን በምርመራ ወረቀት ላይ “መደበኛ” ተብሎ ቢታይ እንኳ፣ ቅንጣቶቹ አነስ አነስ ያሉና ወደ ደም ሥር ግድግዳ ለመስረግ የቀለላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ቀጭን መሆን ብቻውን ዋስትና የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ከሻጋታ የተገኘው መድኃኒት

አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች በጥቅሉ “ስታቲን” ይባላሉ። የቤተሰቡ መጀመሪያ የተገኘው በጃፓን ነው። ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደው አኪራ ኤንዶ የተባለ ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከ6 ሺህ በላይ የሻጋታና የሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ዓይነቶችን አንድ በአንድ ከመረመረ በኋላ፣ የኮሌስትሮልን መሠራት የሚገታ ንጥረ ነገር ከአንድ ሻጋታ ውስጥ አገኘ። ለሕክምና ገበያ የበቃው የመጀመሪያው ስታቲን፣ ሎቫስታቲን፣ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

አሠራሩን በቀላሉ እንየው። ጉበት ኮሌስትሮል ለመሥራት የሚጠቀምበት አንድ ኢንዛይም አለ። ስታቲን ይህን ኢንዛይም ይይዘዋል። ጉበት የራሱ ምርት ሲያንሰው ከደም ውስጥ ኤልዲኤልን እየሳበ ይወስዳል። በዚህ መንገድ በደም ውስጥ የሚዞረው መጥፎ ኮሌስትሮል ይቀንሳል። በተጨማሪም ቀድሞ የተከማቸው ስብ እንዳይሰነጠቅ ያረጋጋዋል።

ስኳርን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?

መልሱ “አዎን፣ በጥቂቱ” ነው። ሐኪሞችም አይክዱትም።

ጉዳዩ በስፋት መነጋገሪያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2008 ጁፒተር የተባለው ጥናት ይፋ ከሆነ በኋላ ነው። ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች በተሳተፉበት በዚህ ጥናት ሮሱቫስታቲን የወሰዱት ሰዎች በልብ ድንገተኛ ሕመምና በስትሮክ የመያዛቸው ዕድል በግልጽ ቀንሷል። በሌላ በኩል ከመካከላቸው 270 ሰዎች አዲስ የስኳር ሕሙማን መሆናቸው ሲመዘገብ፣ ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ውስጥ ግን 216 ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች የቀደሙትን ጥናቶች ሰብስበው አንድ ላይ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከ91 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው 13 ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ ስታቲን በስኳር የመያዝ ዕድልን በ9 በመቶ እንደሚጨምር ታወቀ። “9 በመቶ” ሲባል ብዙ ይመስላል። በሰው ቁጥር ስንመነዝረው ግን 255 ሰዎች ለ4 ዓመታት ስታቲን ቢወስዱ፣ ከመካከላቸው አንድ ተጨማሪ ሰው ስኳር ይገኝበታል ማለት ነው። በዚያው ጊዜ ከእነዚሁ 255 ሰዎች መካከል 5 ገደማ የሚሆኑት ከከባድ የልብ አደጋ ይድናሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2012 ስታቲኖች የደም ስኳርን ሊጨምሩ እንደሚችሉ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። ልጅቱ ያነበበችው ማስጠንቀቂያ ከዚህ የመጣ ነው።

ይህ ስኳር ለሌለባቸው ሰዎች ነው። ቀድሞውኑ ስኳር ላለባቸውስ? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የጥናቶች ጥቅል እንዳሳየው፣ በእነርሱ ላይ የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየው ምርመራ (ኤችቢኤዋንሲ) በአማካይ በ0.12 ነጥብ ብቻ ይጨምራል። ለምሳሌ 7.5 የነበረው 7.6 ገደማ ይሆናል። ጣት ተወግቶ በሚለካው ልክ ስናስበው በአማካይ ከ3 እስከ 4 ሚሊግራም በዴሲሊትር ቢጨምር ነው። የቤት መለኪያ መሣሪያዎች ራሳቸው በአንድ ልኬት እስከ 15 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ስለሚፈቀድላቸው፣ መሣሪያው 150 ሲያሳይ እውነተኛው ልክ በ20 ገደማ ሊለይ ይችላል። መድኃኒቱ የሚጨምረው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመውና ከ120 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተው ትልቅ ትንታኔም ሁለት ነገሮችን አብራርቷል። አንደኛ፣ ጭማሪው እንደ መድኃኒቱ ጉልበት ይለያያል። በዝቅተኛና በመካከለኛ መጠን አነስተኛ ነው፤ በከፍተኛ መጠን ከፍ ይላል። ሁለተኛ፣ በስታቲን ምክንያት “አዲስ ስኳር” ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከመጀመሪያውም ስኳራቸው ወደ ወሰኑ የተጠጋ ነበር። ባዶ ሆድ ሲለካ 126 እና ከዚያ በላይ ስኳር ይባላል። 124 የነበረው ሰው ጥቂት ጨምሮ 127 ሲሆን ስሙ ተለወጠ እንጂ ደሙ ውስጥ የተፈጠረው ልዩነት ትንሽ ነው።

ለምን ይጨምራል?

የተሟላ መልስ ገና የለውም፤ ሁለት መንገዶች ግን ተጠቁመዋል። አንዱ ጡንቻና ሌላው የሰውነት ክፍል ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ በጥቂቱ መቀዛቀዙ ነው። ሌላው ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን በመጠኑ መቀነሱ ነው። በዘር ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ያግዛሉ፤ ስታቲን የሚይዘው ኢንዛይም በተፈጥሮ ደከም ያለባቸው ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ዝቅ ያለ፣ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው ግን ጥቂት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ጭማሪው የአንድ ፋብሪካ ምርት ጉድለት ሳይሆን የመድኃኒቱ አሠራር ተከታይ ነው።

ታዲያ ለምን ይታዘዛል?

ስኳርን የምንቆጣጠረው ለቁጥሩ ብለን አይደለም፤ ከልብ፣ ከአንጎል፣ ከኩላሊትና ከእግር ጉዳት ለመዳን ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት “ቁጥሩ በ3 ጨመረ ወይ?” ብቻ ሳይሆን “ሰውየው ከስትሮክ ተጠበቀ ወይ?” ነው።

ለዚህ መልስ የሰጠው ካርድስ የተባለው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ይህ ጥናት በብሪታንያና በአየርላንድ የተካሄደ ሲሆን፣ የተሳተፉት 2 ሺህ 838 ሰዎች ሁሉም ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸው፣ ነገር ግን ከዚያ በፊት የልብ በሽታ ያልያዛቸው ነበሩ። ኮሌስትሮላቸውም በጣም ከፍ ያለ አልነበረም። ግማሾቹ በቀን 10 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን፣ ግማሾቹ ባዶ ኪኒን ወሰዱ። መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች የልብና የደም ሥር አደጋ በ37 በመቶ፣ ስትሮክ ብቻውን ደግሞ በ48 በመቶ ቀነሰላቸው። ጥቅሙ ጎልቶ በመታየቱ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። በአጥኚዎቹ ስሌት መሠረት እንዲህ ያሉ 1 ሺህ ሰዎች ለ4 ዓመታት ቢታከሙ ቢያንስ 37 ከባድ አደጋዎች ይቀራሉ።

በስትሮክ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ገበሬ ማረስ አይችልም። የቤተሰቡ ሁሉ ኑሮ ይናጋል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ አስታማሚ ትሆናለች። በአንድ በኩል ከ3 እስከ 4 የምትጨምር ቁጥር፣ በሌላ በኩል ይህን የሚያህል አደጋ አለ። የቁጥሯን ጭማሪ በምግብ፣ በእንቅስቃሴና በስኳር መድኃኒቱ ማስተካከል ይቻላል፤ ስትሮክ ያጠፋውን ግን ብዙ ጊዜ መመለስ አይቻልም። ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች ስታቲን ለስኳር ሕሙማን እንዲሰጥ የሚመክሩት በዚህ ሚዛን ነው።

ለማን ይታዘዛል?

* ዕድሜው ከ40 እስከ 75 የሆነ የስኳር ታማሚ፣ የኮሌስትሮል ምርመራው ከፍ ያለ ባይሆንም፣ በመካከለኛ መጠን ስታቲን እንዲጀምር ይመከራል። አቶርቫስታቲን ከሆነ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ነው።
* የልብ ድንገተኛ ሕመም ወይም ስትሮክ ያጋጠመው ሰው በማንኛውም ዕድሜ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልገዋል።
* ዕድሜው ከ40 በታች ሆኖ የደም ግፊት፣ የኩላሊት ጉዳት ወይም ሲጋራ ማጨስ ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ይወስናል።
* ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ለማርገዝ ያሰቡና የሚያጠቡ እናቶች በአጠቃላይ አይወስዱም። በመድኃኒቱ ላይ እያሉ እርግዝና ከተከሰተ ወዲያውኑ ለሐኪም ማሳወቅ ይገባል።

የኮሌስትሮል ምርመራ በየጤና ጣቢያው ላይገኝ ይችላል። በዚህ ምክንያት ብቻ ከ40 ዓመት በላይ ያለ የስኳር ታማሚ ሕክምናውን መዘግየት የለበትም፤ ዕድሜውና ስኳሩ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ምርመራው ሲገኝ ከተጀመረ ከ4 እስከ 12 ሳምንታት ውስጥ ተለክቶ መድኃኒቱ መሥራቱ ይታያል።

ስኳሩ ሲጨምር በስታቲን ላይ ከመፍረድ በፊት

አንድ ሰው አቶርቫስታቲን ከጀመረ በኋላ ባዶ ሆዱን ሲለካ 140 የነበረው ስኳሩ 230 ቢሆን ጥፋተኛው ስታቲን ነው? በጭራሽ ማለት ይቻላል። መድኃኒቱ ይህን ያህል አይጨምርም። በዚህ ጊዜ ሌላ ምክንያት መፈለግ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የስኳር መድኃኒቱን መዝለል ነው። አንዳንዶች አዲስ ኪኒን ሲሰጣቸው የድሮው የተተካ መስሏቸው ሜትፎርሚኑን ያቆማሉ። ስታቲን ስኳርን አይቀንስም፤ የሜትፎርሚንን፣ የግሊቤንክላሚድን ወይም የኢንሱሊንን ቦታ አይተካም።

ሁለተኛው የኢንሱሊን አቀማመጥ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ኢንሱሊንን ከምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ማስቀመጥ ጉልበቱን ያጠፋል። በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠ የሸክላ ዕቃ፣ ጥላ ባለበት ቦታ ማኖር የተሻለ ነው።

ሦስተኛው ኢንፌክሽን ነው። የእግር ቁስል፣ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ሳንባ ነቀርሳ ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ስኳሩ የናረ ሰው ጫማውን አውልቆ እግሩን ይመልከት።

አራተኛው ሌላ መድኃኒት ነው። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለቆዳ ሕመም የሚሰጡት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ስኳርን በብዙ ይጨምራሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከገበያ ወይም ከመድኃኒት መደብር እየገዙ መውሰድ ለስኳር ታማሚ አደገኛ ነው።

አምስተኛው ማዕዱ ነው። ከረጅም ጾም በኋላ በፋሲካ ሰሞን የሚበላው፣ በሠርግና በተዝካር የሚቀርበው ጠላ፣ ጠጅና ዳቦ ስኳርን ለቀናት ሊያናጋ ይችላል። በጾም ወቅት ደግሞ ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ኪኒኑና ማዕዱ አብረው ይሥሩ

“መድኃኒቱን እየወሰድኩ ስለሆነ እንዳሻኝ እበላለሁ” ማለት ኪኒኑን ማዳከም ነው። ጎጃም የቅቤ አገር ነው። ቅቤ ውስጥ ካለው ስብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኤልዲኤልን የሚጨምር ዓይነት ነው። በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይትም ግማሽ ያህሉ እንዲሁ ነው። የኑግ፣ የሱፍና የአኩሪ አተር ዘይት ለልብ የተሻሉ ናቸው፤ እነርሱንም በልክ። ቅቤን ለዓመት በዓል ማቆየትና ለዕለት ወጥ ፈሳሽ የቅባት እህል ዘይት በጥቂቱ መጠቀም አንድ እርምጃ ነው።

ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን ሲበረክቱ፣ የእንጀራው መጠን ሲቀንስ ስኳርም ኮሌስትሮልም ይጠቀማሉ። የዳጉሳ ወይም የጤፍ እንጀራ “ስኳር የለውም” ብሎ ያለ ልክ መብላት ግን ስሕተት ነው፤ ሁሉም እህል በሆድ ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል። በእርሻ ወራት ገበሬው በቂ እንቅስቃሴ ያደርጋል። ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወቅትና ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ግን በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይመከራል። ስኳራቸው ወደ ወሰኑ ለተጠጋ ሰዎች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ምግብን ማስተካከል፣ ክብደት መቀነስና መንቀሳቀስ በስኳር የመያዝ ዕድልን በ58 በመቶ ቀንሷል። ስታቲን ከሚጨምረው ጥቂት ዕድል ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ ይበልጣል።

ሊጠነቀቁላቸው የሚገቡ ነገሮች

ከስታቲን ጋር በብዛት የሚነሳው ሌላው ቅሬታ የጡንቻ ሕመም ነው። በጥናት እንደታየው ስታቲን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ከሚነሱት የጡንቻ ሕመሞች ከ10 ዘጠኙ በላይ ምክንያታቸው ሌላ ነው፤ ሲያርስ ወይም ሲያጭድ የዋለ ሰው ጡንቻው ቢያመው አያስገርምም። ሆኖም ሁለቱም ጭንና ትከሻ በአንድነት የሚያም፣ የሚያደክም ከሆነ፣ በተለይ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ መድኃኒቱን አቁሞ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ይህ በጣም አልፎ አልፎ ብቻ የሚከሰት ነው። የዓይን ወይም የቆዳ ቢጫ መሆንም እንዲሁ አያሳድርም።

አንዳንድ መድኃኒቶች ከስታቲን ጋር አይስማሙም። ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያዎች ሲምቫስታቲንን በደም ውስጥ ከልክ በላይ ያከማቹታል። ለደም ግፊት አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲኑ ከ20 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። አንዳንድ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶችም ከሲምቫስታቲን ጋር ፈጽሞ አይሰጡም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው የስታቲንንም የግሊቤንክላሚድንም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ወደ የትኛውም ሕክምና ሲሄዱ የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። ስሙን ማስታወስ ባይችሉ ባለሙያው ያየዋል።

ሲምቫስታቲን ማታ ቢወሰድ ይመረጣል። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ግን በየትኛውም ሰዓት፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳሉ፤ ዋናው ሰዓቱን አለመለዋወጥ ነው። አንድ ቀን ከተረሳ በሚቀጥለው ቀን ሁለት መደረብ አያስፈልግም።

ሲያልቅስ?

ስታቲን ሲቆም ኮሌስትሮል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ የሕመም ምልክት ግን ስለማያሳይ ሰውየው አይታወቀውም። ከገጠር ቀበሌ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ድረስ መመላለስ ገንዘብና ቀን ይፈጃል። መንገድ የሚቸግርበት ወይም መድኃኒት ከመደርደሪያ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ኪኒኑ ከማለቁ ከአንድ ሳምንት በፊት መዘጋጀት፣ ሁኔታው የተረጋጋ ታማሚ ከሆነ የሁለት ወይም የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጠኝ ብሎ መጠየቅ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያን በወቅቱ ማሳደስ ይጠቅማል። አንዱ ዓይነት ስታቲን ከጠፋ ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ በሌላ ሊተካው ይችላል፤ መጠኑ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ በራስ ግምት መቀየር አይገባም። ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን መዋስም አይመከርም።

በቀጠሮ ቀን ምን ልጠይቅ?

የሐኪሙ ጊዜ አጭር ነው፤ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው። ሦስት ጥያቄዎችን አዘጋጅቶ መግባት ግን ብዙ ነገር ያቀላል።

1. “የልብና የስትሮክ አደጋዬ ምን ያህል ነው? ስታቲን ያስፈልገኛል?”
2. “የታዘዘልኝ መጠን ዝቅተኛ ነው፣ መካከለኛ ወይስ ከፍተኛ?”
3. “ከጀመርኩ በኋላ ስኳሬ መቼ ይለካ? ከፍ ካለስ የቱ መድኃኒት ይስተካከላል?”

ስኳሩ በጥቂቱ ከፍ ካለ ብዙውን ጊዜ የሚስተካከለው የስኳር መድኃኒቱ ነው፤ ስታቲኑ አይቆምም። ባዶ ሆድ ለሚለካ ስኳር ለብዙዎች የሚመከረው ከ80 እስከ 130 ነው፤ ለአረጋውያንና ስኳራቸው በቀላሉ ለሚወርድባቸው ግን ሐኪሙ ላላ ያለ ግብ ሊያወጣ ይችላል።

ወደ ጅጋው አባት እንመለስ። ሣጥን ውስጥ የገባው ኪኒን እዚያው ቢቀር፣ ለጊዜው ምንም አይሰማቸውም። ዛሬም ነገም ያርሳሉ። አደጋው ድምፅ የለውምና ከዓመታት በኋላ ሲመጣ ከዚያች ሣጥን ጋር የሚያያይዘው ሰው ላይኖር ይችላል። ልጅቱ ያነበበችውን ማንበቧ ጥሩ ነው፤ መጠየቋም ይመሰገናል። የቀረው አንድ እርምጃ ነው። ወረቀቱን አጥፋ ከኪኒኑ ጋር በአባቷ ኪስ ታኑረው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ቢቻል ከዚያም በፊት በአቅራቢያ ባለው ጤና ጣቢያ፣ አብራቸው ሄዳ “ይሄ የተጻፈው ምን ማለት ነው?” ብላ ትጠይቅ። የስኳር ቁጥሩንም የልቡንም ነገር የሚያውቅ ባለሙያ መልሱን ይሰጣቸዋል፤ ኪኒኑም ከሣጥኑ ይወጣል።